የድንች አበባ የጎረሱት

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ኸርርር… ቆም ይላል። ደግሞ ኸርርር። ከድንች መጋዘናችን የጣውላ ግድግዳ ጀርባ ነው የሚመጣው። አይጥ መሰለኝ። አይጥ ግን ሲቧጥጥ ይቸኩላል፤ ይሄኛው አንዴ በረጅሙ ይስብና የሚያስብ ይመስል ዝም ይላል። ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ ቆየሁ። አመዳይ ያደረበት ጣውላ ጆሮዬን አቃጠለው። ጉሙ ከሚፈላው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የድኝ ሽታ ጋር ተደባልቆ እግሬን እንኳ እንዳላይ ከልክሎኝ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነው። ራሴ ላይ አሥራ አንድ ጊምባል ነበረኝ። ማንም ጎንጉኖት አይደለም። በሦስት ዓመቴ ሳምንት ሙሉ በትኩሳት ነድጄ ስነሣ፣ ጸጉሬ በራሱ ጊዜ እንደ ገመድ ተገምዶ ተገኘ። በኛ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ አይመታም፣ አይሰደብም፣ ጸጉሩም አይነካም። እሱ ራሱ አንድ ቀን "ቁረጡልኝ፤ ግን ይሄን ስጡኝ" እስኪል ይጠበቃል። የጠየቀው ነገር ሳይጨመር ሳይቀነስ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይቆረጥለታል። የለመነውን ሳይሰጡት ቢቆርጡት ትኩሳቱ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ልጁን ይዞት ይሄዳል። ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ከእናቴ ጡት ጋር የገባ ነገር ነው።

ስንጥቅ ፈልጌ አንድ ዓይኔን አስጠጋሁ። ትልቅ ሰው ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ በከሰል ቁራጭ ግድግዳው ላይ ይጭራል። ከአናቱ እስከ ወገቡ ጊምባል ወርዷል።

የያዝኩት ትኩስ ድንች ከእጄ ወደቀ። ጢም ያለው ጊምባል አይቼ አላውቅማ! ቢበዛ እስከ አሥር ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም የለመነው ተሰጥቶት ይገላገላል። ደሃ ቢሆን እንኳ መንደሩ አዋጥቶ ይሰጠዋል። ይሄ ሰውዬ ግን የለመነውን ከልክለውት፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ጸጉሩም አብሮት ሲያድግ፣ ይኸው ትልቅ ሰው ሆኖ ከነሸክሙ ቀረ። እንዲህ ነው የገባኝ። አዘንኩለት። በጣም ፈራሁም፤ የኔም መጨረሻ እንደሱ ቢሆንስ?

"ቲርቶ! እዚያ ምን ትሠራለህ?" እናቴ ከኋላዬ መጣች።

"እማዬ፣ መጋዘን ውስጥ ትልቅ ጊምባል አለ።"

ሽንኩርት ሽንኩርት በሚል እጇ አፌን ከደነችው። "ማንም የለም።"

"አለ፤ አየሁት።"

"አለ፤ ግን የለም። ገባህ?"

"ገባኝ" አልኩ። ስላልገባኝ ነው ቶሎ ያልኩት።

ስሙ ጋናንግ ነበር፤ እኔ ማስ እለዋለሁ፣ ታላቅ ወንድም እንደማለት። የመጣው በአባቴ የድንች መኪና፣ ባዶ ጆንያ ተከምሮበት፣ ከቆላው ከተማ ነው። ከእናቴ ታናሽ ወንድም ከሴኖ ጋር በአንድ የተተወ ትምህርት ቤት ውስጥ ይኖሩ እንደነበር፣ መንግሥትን የሚነካ ሥዕል እየሳሉ በየአጥሩ ይለጥፉ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የነገሩኝ ሴኖ እንጨት ሊቆርጥ ካሊማንታን ሄዷል ብለው ነው። ካሊማንታን ባሕር ማዶ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤ አለመላኩ አልገረመኝም።

ምድጃው ዙሪያ ሳሮንጌን እስከ አንገቴ ተከናንቤ ስቀመጥ የተኛሁ እየመሰላቸው ያወራሉ።

"ሙርያቲ፣ እስከ መቼ ነው?" ይላል አባቴ።

"እስኪረጋጋ።"

"ጸጉሩን ቢቆርጥ እኮ ማንም አይለየውም። የሚፈልጉት በጸጉሩ ነው።"

"አይቆርጥም አልኩህ።"

"ምን ሆኖ?"

"ከሴኖ ጋር ተማምለዋል። ሰውዬው እስኪወርድ ድረስ።"

"እሱማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መች ወረደ!"

ምንኛ ሞኝ ሰውዬ ነው ብዬ አሰብኩ። ከቤታችን በላይ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ታየኝ፤ ብርድ ላይ ተቀምጦ "አልወርድም" የሚል። የማስ ጋናንግ ስጦታም እሱ እጅ ነው። እሱ ካልወረደ ጸጉሩ አይቆረጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሙ በተገለጠ ቁጥር ወደ ላይ አያለሁ።

ጠዋት ጠዋት እናቴ ሩዝና የአኩሪ አተር ጥብስ፣ ቴምፔ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ "አድርስለት፤ እንዳትዘገይ" ትለኛለች። እዘገያለሁ። ማስ ጋናንግ ከምድጃችን ጥላሸት፣ ከጉድጓዱ ዳር ቢጫ ድኝ፣ ከማሳው ቀይ አፈር አምጥቶ በውሃና በሩዝ ሙቅ ይበጠብጣል፤ ኖራም ነበረው። ብሩሹ የኮኮናት ቃጫ ነው።

"ማስ" አልኩት አንድ ቀን፣ "ምን ጠይቀህ ነው የከለከሉህ?"

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ የራሴን ጸጉር አየ፤ ሳቀ። "ብዙ ነገር።"

"አንድ ብቻ እኮ ነው የሚጠየቀው!"

"ለዚህ ነዋ የከለከሉኝ።"

"እኔ ብስክሌት ነው የምጠይቀው። ቀይ።"

"ቀይ አትበል። ይሄ ቀለም ያስጠይቃል።" አሁንም ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።

ግድግዳው ላይ ሰዎች ሳለ። አንዷ ሴት ናት፤ ስድስቱ ወንዶች። እስከ ጉልበታቸው አፈር ውስጥ ተተክለዋል፤ ልክ እንደ ድንች። አፋቸው ተከፍቶ ነጭ የድንች አበባ ሞልቶበታል።

"ለምንድነው አበባ የሚበሉት?"

"አይበሉም፤ እየዘፈኑ ነው።"

"አፋቸው ሞልቶ?"

"እንደሱም ይዘፈናል" አለኝ። ከዚያ ሩዙን ሳይበላ ብዙ ቆየ።

ሰባተኛውን በጨረሰ ዕለት እናቴ ራሷ ሻይ ይዛ ገባች። ሰባተኛው ሰውዬ ፊት ቆመች። ቀስ ብላ የድንች ጆንያው ላይ ተቀመጠችና በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ምን ሆንሽ እማዬ?"

"ጭሱ ነው።"

መጋዘኑ ውስጥ ምድጃ አልነበረንም። ይሄን ያስተዋልኩት ግን ሃያ ዓመት ቆይቼ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ ነው። ሴኖ መሆኑን ያኔ አላወቅሁትም፤ እኔ የማውቀው ሴኖ ሁሌ ይስቅ ነበር፤ እዚያ ላይ ያለው አይስቅም።

ሳጅን ኩስኖ በሳምንት ሁለቴ በሞተር ሳይክሉ ይመጣ ነበር። የወረዳችን ወታደር እሱ ነው፤ የእያንዳንዱን ቤት ሻይ ቀምሷል። ጓሯችን ተቀምጦ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣና ለአባቴ ያሳያል። አንድ ቀን እኔን ጠርቶ አንዱን ጊምባሌን በሁለት ጣቱ ያዘ።

"ወፍራም፣ የተገመደ ጸጉር፣ ይላል ወረቀቱ። አንተ ነህ እንዴ የምንፈልግህ?"

አባቴ ሳቀ። አብሮን የተቀመጠ ጎረቤታችንም ሳቀ። እናቴ ገና ያላለቀ ብርጭቆው ላይ ሻይ ጨመረችለት። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሳጅኑም ማስ ጋናንግን የሚፈልገው ጸጉሩን ሊገላግለው ነው ብዬ። የሳጅኑም ልጅ ጊምባል ነበረቻ! ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት የዳክዬ እንቁላል ለምና ነው የተቆረጠላት። የገዛ ልጁን የገላገለ ሰው ለሌላ አያዝንም? ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። "አለ፤ ግን የለም" ያለችኝ ትዝ ስላለኝ ብቻ ዋጥኩት።

በኛ አቆጣጠር የሱሮ ወር ሲገባ የኔ መቆረጫ ቀን ተወሰነ። አባቴ ብስክሌቱን ቀደም ብሎ አምጥቶ በሰሌን ጠቅልሎ ከበር ጀርባ ደበቀው። ደበቅሁ ይላል እንጂ የመሪው አንዱ ጫፍ ወጥቶ ይታይ ነበር። ዋዜማውን ከማስ ጋናንግ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

"ነገ መንደሩ በሙሉ እኛ ጋ ነው። ሳጅኑም ይመጣል። በጠዋት ላይኛው ማሳ ውጣና ሲበተኑ ትመለሳለህ።"

"እሺ።"

"ግድግዳውን ደግሞ በማግስቱ ኖራ እቀባዋለሁ። አትቀየመኝ።"

 "ከዚህ ሌላ ፎቶ የላቸውም" አለ ማስ ጋናንግ። "አንዳንዶቹ።"

"እኔ ልጅ አለኝ።"

"አውቃለሁ።"

እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ነገ ስገላገል እሱ ብቻውን ማሳ ላይ፣ ብርድ ላይ፣ ከነጸጉሩ ሊቀመጥ ነው። ያን ዕለት ለረጅም ሰዓት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ብስክሌቱን አሰብኩት። ሁለቱን ማግኘት አይቻልም፤ የሚለመነው አንድ ነው።

በጠዋት ከሰባት ምንጭ በተቀዳ ውሃ አጠቡኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነጭ ጨርቅ አለበሱኝ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፏል፣ ቢጫ ሩዝ እንደ ተራራ ተቆልሏል፣ ሴቶቹ የካሪካ ፍሬ በስኳር ቀቅለዋል። ሳጅን ኩስኖ የደንብ ልብሱን ትቶ ባለ ጥለት የባቲክ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል፤ ሚስቱም ኬክ ልካለች። ምባህ ሩስማን፣ የመንደራችን ጸጉር ቆራጭ ሽማግሌ፣ መቀሱን በአበባ ውሃ ነክሮ ከፊቴ ተቀመጠ።

"ልጄ፣ ምን ትሻለህ?"

አባቴ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተጠጋ፤ ሰሌኑን ሊገፍ።

"የማስ ጋናንግ ጸጉር ከኔ ጋር አብሮ ይቆረጥልኝ" አልኩ።

ድምፄ እንዴት ጠርቶ እንደወጣ አሁንም ይሰማኛል። 

"ብስክሌት ማለቱ ነው!" አለ አባቴ። "ቀይ ብስክሌት! ትላንት እንኳ… ቲርቶ፣ ብስክሌት በል።"

"ልጁ ተናግሯል ዋርሲቶ" አለ ምባህ።

"ልጅ እኮ ነው ምባህ! ምን ያውቃል?"

"ልጅ ስለሆነ ነዋ የምንጠይቀው። የተለመነ ተለመነ።"

 እናቴ አየችኝ። አልተቆጣችም። ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ እንደሚያይ ሰው ነው ያየችኝ። እስካሁን ጥፋት ባጠፋሁ ቁጥር፣ ባላጠፋም ጊዜ፣ ያ አስተያየት ይመጣብኛል።

"ማስ ጋናንግ ማነው?" አለ ሳጅን ኩስኖ። የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

 አንዲት ሴት "የማን ልጅ ነው?" ብላ ጎረቤቷን በሹክሹክታ ጠየቀች።  እኔም አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ለምኖ መመለስ ደግሞ አይቻልም።

የመጋዘኑ በር ሲጢጥ አለ። ማሳ አልወጣም ነበር። ጉሙ ከኋላ በር ጀምሮ እስከ ጫካው ድረስ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ አሥር እርምጃ ቢሄድ ማንም አያየውም ነበር። ይሄን አሁን ነው የማስበው። ያኔ ደስ ብሎት የመጣ መስሎኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። ጉልበቱ ላይ የድንች አፈር አለ። መጥቶ ከጎኔ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። "ብስክሌት ይሻልህ ነበር" አለኝ ጆሮዬ ላይ።

"አንተን ትኩሳት እንዳይዝህ ነው።"

እጄን ያዘ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር፤ ብርዱ ነው ብዬ ጨርቄን አካፈልኩት።

ምባህ የኔን አሥራ አንድ ጊምባል አንድ በአንድ ቆረጠ፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞረ። መቀሱ አልቆርጥ አለ። የድንች ቢላ መጣ። ቃጫ ሲቆረጥ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበረው። ማስ ጋናንግ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መንደሩ የሚጸልይ መስሎት አብሮት አሜን አለ። እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ፤ "ይቅር በለኝ ሴኖ፣ ይቅር በለኝ ሴኖ" ነበር የሚለው። ካሊማንታን ላለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሲያልቅ ምባህ የሁለታችንን ጸጉር በአንድ ነጭ ጨርቅ ጠቀለለና እሱንም ጠየቀው። "አንተስ ልጄ፣ ምን ትሻለህ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ምባህ እንዳልሳቀ ሲያዩ አቆሙ።

"ግድግዳው እንዳይነካ" አለ ማስ ጋናንግ።

"የቱ ግድግዳ?"

የመጋዘኑን በር ከፈቱት። ሰው ሁሉ ገባ። የጠዋት ብርሃን ሰባቱ ላይ በጎን ወደቀ።  አንዲት አሮጊት እጇን አንስታ አንዱን ጉንጭ ነካችና ጣቷ ላይ የቀረውን ቢጫ አየች። ሳጅን ኩስኖ እጆቹን ኋላው አጣምሮ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ቀስ ብሎ ሄደ። ሰባተኛው ጋ ቆመ። ሴኖን ያውቀው ነበር፤ አብረው ኳስ ተጫውተዋል።

"ጥሩ እጅ ነው" አለ። "ሰዎቹ የት ናቸው?"

"ካሊማንታን" አለች እናቴ።

"ሰባቱም?"

"ሰባቱም። እንጨት ሊቆርጡ።"

ሳጅኑ ከሷ ዞር አለ። "የኔን ልጅ አንዱን የዳክዬ እንቁላል በዶሮ እንቁላል ለውጠን አታለልናት" አለ፣ ከሷ ጋር ሳይሆን ከግድግዳው ጋር እንደሚነጋገር። "ሦስት ቀን ነደደች። በሌሊት ወርጄ ዳክዬ ስፈልግ አደርኩ።" ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ግድግዳው አልተነካም። አባቴ በኖራው የደጁን አጥር ቀባ። በኋላ ከወረዳ የመጡ ሰዎች "ይሄን አጥፉት" ሲሉ የመንደሩ ሹም፣ ጥላውን የሚፈራ ሰው፣ "የጊምባል ልመና ነው፤ ትኩሳቱን እናንተ ትሸከማላችሁ?" አላቸው። ወጣቶቹ ሥዕሉን በየአጥራቸው ገለበጡት፤ አፍ ሙሉ አበባ። ከዚያ በየከተማው። አሁን ቲሸርት ላይ አለ፣ የሆቴል ቁልፍ መያዣ ላይ አለ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ በዓሉን የሚከፍቱት እሱን ለብሰው ነው። በየዓመቱ በነሐሴ ጊምባል ልጆችን መድረክ ላይ እንቆርጣለን፤ ሙዚቃ አለ፣ ከዋና ከተማው በፀጉር ቤት ጊምባል አስገምደው የሚመጡ ወጣቶች አሉ። መጋዘናችን መስታወት ተደርጎለት ሙዚየም ሆኗል። ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ። ጽሑፉ "ሰባቱ የድንች አባቶች፤ የምድራችን ጠባቂ መናፍስት" ይላል።

አንዴ ለአንዲት ጊምባል ላሠራች ልጅ እውነቱን ነገርኳት። በስልኬ አሳየኋት፤ ተወስደው የቀሩ ልጆቻቸው የት አሉ እያሉ ሐሙስ ሐሙስ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቤተ መንግሥቱ ፊት ከሚቆሙት እናቶች አንዷ የያዘችውን ፎቶ። ሦስተኛው ሰውዬ ነው፤ ፎቶው ላይ አፉ ባዶ ነው። "ደስ ሲል!" አለችኝ። ከዚያ ግድግዳው አጠገብ ቆማ አፏን ከፈተች፤ ጓደኛዋ ፎቶ አነሳቻት። ምን ልላት እችላለሁ? ክፉ ልጅ አልነበረችም። እናቴ አሁንም በየበዓሉ ማግስት ትመጣና የሰባተኛውን መስታወት በሻሽዋ ትወለውላለች። ጎብኚዎቹ የጽዳት ሠራተኛ ትመስላቸዋለች።

ሰውዬው ከቤተ መንግሥቱ የወረደው እኛ ከተቆረጥን በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። አሥራ አንድ። ሬዲዮው ሲናገር አባቴ ድንች እየለቀመ ነበር፤ ተነስቶ፣ ማስ ጋናንግ የሚወርድ ይመስል፣ ላይኛውን ማሳ አየ፤ ተመልሶ ጎንበስ አለ።

በተቆረጥን በማግስቱ ጠዋት ግን ይሄን ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ራሴ ቀሎኝ፣ ነፋሱ ቅሌን ሲልሰኝ እየሳቅሁ፣ ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ እየገፋሁ ነው፤ አባቴ "ለማን ላደርገው ነው?" ብሎ ሰጥቶኛል። ማስ ጋናንግ ወጣ። የተላጨው ራሱ ከፊቱ ይልቅ ነጣ ያለ ነበር፤ ጆሮዎቹ ትልልቅ መሆናቸውን ያን ጊዜ አየሁ። እናቴ የሰጠችውን ሻይ ቆሞ ጠጣ። ብርጭቆውን አጥቦ ደፋው። ቦርሳ አልያዘም።

"ማሳ ልትሄድ ነው?" አልኩት።

ራሴን ዳበሰኝ፤ ከዚያ የራሱን፤ ከዚያ ደግሞ የኔን።

"ትኩሳት አለህ?" አልኩት። "ካለህ ለምባህ እነግረዋለሁ።"

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ከጉድጓዱ አጠገብ በስተቀኝ ይታጠፋል። ብስክሌቱን ይዤ እስከዚያ ተከተልኩት፤ አልታጠፈም። ቁልቁል ወደ ከተማው ወደሚወስደው ዋና መንገድ ወረደ፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ወገቡ፣ መጨረሻ ላይ ያ ነጭ ራሱ ጉም ገባ።